የኤልቪስ ፕሪስሊ የ1968 የቴሌቪዥን ዝግጅት አልበም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኤልቪስ ፕሪስሊ በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ካቀረበው ልዩ ዝግጅት ተወስዶ በ1968 መጨረሻ የወጣው አልበም በሙዚቃ ወዳጆች ዘንድ ብዙ ጥያቄ የሚነሳበት ሥራ ነው። አንዳንዱ አድማጭ የመድረክ ቅጂ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ሌላው ደግሞ የስቱዲዮ ሥራ ነው ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል፤ አልበሙን በሚገባ ለማዳመጥ የሚያስፈልገውም የትኛው ክፍል ከየት እንደመጣ መለየት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልበሙ በትክክል ምን ዓይነት ሥራ ነው?

አልበሙ «ኤልቪስ» በሚል አጭር ስም በአርሲኤ የሸክላ አሳታሚ ኩባንያ አማካይነት በኖቬምበር ወር 1968 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ የቴሌቪዥኑ ዝግጅት የተላለፈው ከዚያ ቀናት በኋላ፣ ዲሴምበር 3 ቀን 1968 ምሽት ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 24 ቀን 1961 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከሌሎቹ የኤልቪስ አልበሞች ለመለየት ሲባል ብዙዎች «የኤንቢሲ ልዩ ዝግጅት» እያሉ ይጠሩታል።

ይዘቱ ከሦስት የተለያዩ ምንጮች የተቀዳ ነው። የመጀመሪያው ምንጭ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ዌስተርን ሪከርደርስ ስቱዲዮ፣ እንደ ድራም ተጫዋቹ ሃል ብሌይንና እንደ ጊታሪስቱ ቶሚ ቴዴስኮ ያሉ ስመ ጥር የስቱዲዮ ባለሙያዎች በተሳተፉበት በትልቅ ኦርኬስትራ ታጅቦ በጁን 1968 የተቀረጸው ነው። ሁለተኛው ኤልቪስ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ያለ ኦርኬስትራ፣ በቅርብ በተደረደሩ ታዳሚዎች መካከል የተጫወተው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ለብቻው ቆሞ በኦርኬስትራ ታጅቦ ለታዳሚ የዘፈነው ነው። አዘጋጆቹ እነዚህን ሦስቱን አገጣጥመው፣ በመካከል የኤልቪስን ንግግር እያስገቡ፣ አንድ ወጥ ዝግጅት የሚመስል ሸክላ ሠሩ። መጋጠሚያው የተዋጣለት በመሆኑ ብዙ አድማጭ ሁሉም በአንድ ምሽት የተቀረጸ ይመስለዋል። በእኔ እምነት የአልበሙ ጥንካሬም ድክመቱም እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በውስጡ ካሉት ከሦስቱ እጅግ ብርቅ የሆነው ክፍል፣ ማለትም የወንበሩ ጨዋታ፣ ከሁሉ ያነሰ ቦታ ነው የተሰጠው።

ዝግጅቱ እንዴት ተጀመረ?

የኤልቪስ ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል ቶም ፓርከር ከኤንቢሲ ጋር ሲዋዋል ያሰበው የገና በዓል ዝግጅት ነበር፤ ዘፋኙ የገና መዝሙሮችን ዘምሮ፣ ለተመልካቹ መልካም በዓል ተመኝቶ የሚሰናበትበት ለስላሳ ምሽት። የዝግጅቱ ወጪ የተሸፈነው በሲንጀር ኩባንያ ነው፤ በአገራችን ስንት ልብስ ሰፊ የኖረበት፣ የእግር መርገጫ ያለውን የስፌት መኪና ያመረተው ያው ሲንጀር ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ዝግጅቱ በይፋ የቀረበው «ሲንጀር ያቀርባል፣ ኤልቪስ» በሚል መጠሪያ ነበር።

የዝግጅቱ ዳይሬክተር ሆኖ የተመረጠው ስቲቭ ቢንደር ግን የገና መዝሙር የመቅረጽ ፍላጎት አልነበረውም። ቢንደር ገና በሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ ወጣት ሲሆን፣ በ1964 ጄምስ ብራውንና ሮሊንግ ስቶንስ የተሳተፉበትን የሙዚቃ ፊልም ሠርቷል፤ በ1968 መጀመሪያም የእንግሊዛዊቷን ዘፋኝ የፔቱላ ክላርክን የቴሌቪዥን ዝግጅት መርቷል። በዚያ ዝግጅት ላይ ነጯ ፔቱላ የጥቁሩን ዘፋኝ የሃሪ ቤላፎንቴን ክንድ በመያዟ የስፖንሰሩ ሰው ትዕይንቱ ይውጣ ብሎ ሲሟገት፣ ቢንደር እምቢ ብሎ በዚያው መልኩ እንዲተላለፍ አድርጓል። እንዲህ ያለ ሰው ለፓርከር ፍላጎት በቀላሉ እንደማይገዛ ግልጽ ነው። ከብዙ ክርክር በኋላ የገናው ሐሳብ ቀርቶ፣ የኤልቪስን የሙዚቃ ሕይወት የሚተርክ ዝግጅት እንዲሆን ተወሰነ። ለፓርከር የተረፈለት «ብሉ ክሪስማስ» የተሰኘችው አንዲት የገና ዘፈን ብቻ ናት፤ በአልበሙ ሁለተኛ ፊት ላይ የምትሰማውም ይህችው ናት።

ዝግጅቱ «መመለስ» የሚባለው ለምንድን ነው? ኤልቪስ የት ሄዶ ነበር?

ዝግጅቱ ሲተላለፍ እንዲህ ያለ መጠሪያ አልነበረውም፤ ስሙ የተለጠፈበት ከጊዜ በኋላ ነው። ነገር ግን መነሻ አለው። ኤልቪስ ከውትድርና ከተመለሰበት ከ1960 ጀምሮ በአብዛኛው ጊዜውን ያሳለፈው በሆሊውድ ሲሆን፣ በዓመት ሁለትና ሦስት ፊልም ይሠራ ነበር፤ የሚያወጣቸው ሸክላዎችም በአብዛኛው የእነዚሁ ፊልሞች ማጀቢያዎች ነበሩ። ፊልሞቹ ገንዘብ ቢያስገቡም ዘፈኖቹ ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየቀለሉ ሄዱ። በዚያው ዘመን ቢትልስ፣ ቦብ ዲለንና ሞታውን የተባለው የሸክላ ኩባንያ ዘፋኞች የአድማጩን ጆሮ ወስደው ነበር። በታዳሚ ፊት ለመጨረሻ ጊዜ የዘፈነው በማርች 1961 በሃዋይ፣ ፐርል ሃርበር፣ በጃፓን ጥቃት ለሰጠመችው ለዩኤስኤስ አሪዞና የጦር መርከብ መታሰቢያ ገንዘብ ለማሰባሰብ በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ ነው። በጁን 1968 ወደ ኤንቢሲ መድረክ ሲወጣ ሰባት ዓመት አልፏል ማለት ነው።

ስለዚህም ፈርቶ ነበር። ቢንደር በተደጋጋሚ እንዳወሳው፣ የመጀመሪያው ቀረጻ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ኤልቪስ አስጠርቶት፣ መውጣት እንደማይችል፣ ታዳሚው ባይወደውስ የሚል ስጋት እንዳደረበት ነግሮታል። ቢንደርም ወጥቶ ታዳሚውን ሰላም ብሎ መመለስ ቢፈልግ እንኳ ይመለስ፣ ብቻ አንድ ጊዜ ይውጣ ብሎ ለመነው። በአልበሙ ላይ በአንዳንድ ዘፈኖች መግቢያ የሚሰማው የድምፁ መንቀጥቀጥና ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግልፍታ ከዚህ ጭንቀት ተለይቶ ሊታይ አይገባም።

የወንበሩ ጨዋታ እንዴት ሊታሰብ ቻለ? ይህን ያህል የሚወደሰውስ ለምንድን ነው?

በልምምዱ ወቅት ኤልቪስ በቡርባንክ በሚገኘው በኤንቢሲ ስቱዲዮ ውስጥ በተዘጋጀለት ክፍል ያድር ነበር። ማታ ማታ ልምምዱ ሲያልቅ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ የቆዩ የብሉዝና የገጠር ዘፈኖችን እያነሳ፣ እየቀለደ፣ ጊታር እየመታ ያመሻል። ቢንደር ይህን ሲሰማ ከታቀደው ዝግጅት ሁሉ የሚበልጠው ይህ መሆኑ ገባው። ካሜራ ወደ ክፍሉ ይግባ ብሎ ቢጠይቅ ፓርከር አልፈቀደም። ስለዚህ ያንኑ ድባብ ወደ መድረክ ለማውጣት ተወሰነ።

የተሠራው መድረክ አነስተኛ ባለ አራት ማዕዘን ሲሆን ዙሪያውን ታዳሚ ከቦታል፤ አንዳንዶቹ ሴቶች እጃቸውን ቢዘረጉ ጫማውን መንካት ይችሉ ነበር። ጁን 27 ቀን በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ ተቀረጸ። ኤልቪስ በቢል ብሉ የተሰፋለትን ጥቁር የቆዳ ልብስ ለብሶ መካከል ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ከ1954 ጀምሮ አብሮት የነበረው ጊታሪስት ስኮቲ ሙርና ድራም መቺው ዲጄ ፎንታና ነበሩ። ከመጀመሪያው ቡድን የጎደለው ቤዝ ተጫዋቹ ቢል ብላክ ነው፤ በ1965 አርፏል፤ በእሱ ቦታም ሌላ ቤዝ ተጫዋች አልገባም። ቻርሊ ሆጅ ጊታር እየመታ በድምፁ ይቀበለዋል።

ቀረጻውን በጥሞና ላዳመጠ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይሰማዋል፤ ድራም የለም። ፎንታና ይዞ የተቀመጠው የጊታር ማስቀመጫ ሣጥን ሲሆን በዱላዎቹ የሚመታው እሱን ነው። ድምፁ ደረቅና ቅርብ ነው፤ ከኦርኬስትራው ክፍል የሚሰማው የድራም ድምቀት የለውም። ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ ደግሞ ኤልቪስ የራሱን ጊታር ለስኮቲ ሰጥቶ የስኮቲን ኤሌክትሪክ ጊታር ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ሻካራና አጥብቆ የሚደጋገም የጊታር ምት የኤልቪስ የራሱ እጅ ነው። ዕድሜ ልኩን ጊታርን እንደ ጌጥ ያንጠለጥላል ተብሎ የተተቸ ሰው መሪ ሆኖ ሲጫወት የሚሰማበት አጋጣሚ በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ ይህ ክፍል ለእኔ ከኦርኬስትራው ሁሉ ይበልጣል። «ዋን ናይት»ን ሲዘፍን ተቀምጦ መዝፈን አላስቻለውም፤ ጊታሩ ግን ማንገቻ አልነበረውም። ስለዚህ ተነሥቶ አንድ እግሩን ወንበሩ ላይ አሳርፎ ጊታሩን ጭኑ ላይ ደገፈው፤ ማይክራፎኑን ደግሞ ሆጅ በእጁ ያዘለት። ይህ አስቀድሞ የታቀደ አልነበረም።

ንግግሩም የዚሁ ክፍል ጸጋ ነው። በዚህ መድረክ ላይ ስለራሱ ያወራበት ሁኔታ ነጻና የተፍታታ ነው። በ1950ዎቹ ፍሎሪዳ ውስጥ ፖሊሶች እንቅስቃሴውን ሊቀርጹ መጥተው ትንሿን ጣቱን ብቻ እያንቀሳቀሰ እንደዘፈነ ያወሳል። በሌላ ጊዜ የላይኛው ከንፈሩ ሲጣመም ያዝ አድርጎ፣ እንዲህ እያደረገ 29 ፊልም እንደሠራ ተናግሮ ታዳሚውን ያስቃል።

በአልበሙ ላይ የትኛው ዘፈን ከየትኛው ክፍል እንደሆነ እንዴት ልለይ?

መክፈቻው «ትራብል» እና «ጊታር ማን» ከስቱዲዮው ቀረጻ የመጡ ናቸው። ቀጥሎ የሚመጡት «ላውዲ ሚስ ክላውዲ» እና «ቤቢ ዋት ዩ ዋንት ሚ ቱ ዱ» የወንበሩ ጨዋታ ናቸው፤ ድምፁ በድንገት ሲጠብና ሲቀርብ፣ ታዳሚውም ጆሮ ሥር ሲጮኽ መለየት ይቻላል። ከዚያ ተከታትለው የሚሰሙት «ሃርትብሬክ ሆቴል»፣ «ሃውንድ ዶግ»፣ «ኦል ሹክ አፕ»፣ «ካንት ሄልፕ ፎሊንግ ኢን ላቭ»፣ «ጄይልሃውስ ሮክ» እና «ላቭ ሚ ቴንደር» ጁን 29 ቀን ለብቻው ቆሞ በኦርኬስትራ ታጅቦ ከዘፈናቸው የተወሰዱ ናቸው። እነዚህ የቆዩ ዝነኛ ዘፈኖቹ ሲሆኑ ፍጥነታቸው ከመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ይበልጣል፤ ድምፁም ጎርነን ብሏል።

ሁለተኛው ፊት የሚጀምረው በመንፈሳዊ መዝሙሮች ቅንብር ነው፤ እዚህ ላይ ድምፃቸው ጎልቶ የሚሰማው ዳርሊን ላቭ ያለችበት ዘ ብሎሰምስ የተባለው የሦስት ሴቶች ቡድን ነው። ኤልቪስ ከልጅነቱ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን መዝሙር ያደገ ሰው በመሆኑ፣ ይህ ቅንብር ለጌጥ የተጨመረ አይደለም። ከዚያ «ብሉ ክሪስማስ» እና «ዋን ናይት» ወደ ወንበሩ ጨዋታ ይመልሱናል። «ሜሞሪስ» ማክ ዴቪስና ቢሊ ስትሬንጅ የጻፏት ለስላሳ ዘፈን ናት። ቀጥሎ የሚመጣው ረዥሙ የ«ጊታር ማን» ቅንብር ደግሞ ከገጠር ከተማ ወጥቶ ጊታሩን ይዞ ስለሚንከራተት ወጣት የሚተርክ ሲሆን ያለ ምስሉ ትንሽ ይጎድለዋል፤ ጭፈራው ሳይታይ ታሪኩን መከተል ያስቸግራል። አልበሙን በዚህ ቦታ ላይ ዘልለው የሚያልፉ አድማጮች ቢኖሩ አልፈርድባቸውም። መደምደሚያው «ኢፍ አይ ካን ድሪም» ነው።

«ኢፍ አይ ካን ድሪም» እንዴት ተጻፈ?

ፓርከር ዝግጅቱ በገና መዝሙር እንዲያልቅ ይፈልግ ነበር። ቢንደር ግን ዘመኑን የሚመስል መዝጊያ ፈለገ። ማርቲን ሉተር ኪንግ በኤፕሪል 4 ቀን 1968 የተገደለው ኤልቪስ በሚኖርባት በሜምፊስ ከተማ ነው፤ ዝግጅቱ በመለማመድ ላይ እያለ ደግሞ ሮበርት ኬኔዲ እዚያው ሎስ አንጀለስ ውስጥ በጥይት ተመትቶ በጁን 6 ሞተ። ኤልቪስና አብረውት የሚሠሩት ሰዎች በልምምዱ መካከል ስለዚህ ጉዳይ ለሰዓታት ይነጋገሩ እንደነበር ቢንደር መስክሯል። በዚህ ምክንያት የድምፅ ቅንብሩን ይሠራ የነበረውን ኧርል ብራውንን፣ ኤልቪስ በእርግጥ የሚያምንበትን ነገር የሚገልጽ ዘፈን እንዲጽፍ ጠየቀው። ብራውን በአንድ ሌሊት ጽፎ አመጣ። የዘፈኑ ሐሳብ የኪንግን የ1963 የዋሽንግተን «ሕልም አለኝ» ንግግር ማስታወሱን ማንም አይስተውም፤ ወንድማማችነት የሰፈነበትን ዓለም ማለም ከቻልኩ ሕልሜ ለምን አይፈጸምም ብሎ ይጠይቃል።

ኤልቪስ ዘፈኑን በፒያኖ ሲጫወትለት ደጋግሞ ካዳመጠ በኋላ እዘፍነዋለሁ አለ፤ ጁን 23 ቀን በስቱዲዮ ተቀረጸ። በዝግጅቱ መጨረሻ ላይ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ስሙ በቀይ መብራት በተጻፈበት ግዙፍ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሲዘፍነው ይታያል። በመጨረሻዎቹ ስንኞች ላይ ድምፁ ሊሰበር እስኪደርስ ድረስ ይጮኻል፤ በእነዚያ የፊልም ዓመታት እንዲህ ዓይነት ድምፅ ከእሱ አልተሰማም ነበር። በነጠላ ዜማ ሲወጣ በአሜሪካው የሙዚቃ መጽሔት በቢልቦርድ ሰንጠረዥ 12ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ።

አልበሙ በገበያ እንዴት ነበር?

በቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ 8ኛ ደረጃ ላይ ደርሶ በ1969 የወርቅ ሽልማት አግኝቷል። የቴሌቪዥኑ ዝግጅትም በተላለፈበት ሳምንት ከፍተኛ ተመልካች ካገኙት ውስጥ ነበር። ይሁን እንጂ ዋናው ውጤት ከሰንጠረዡ ውጭ ነው። ኤልቪስ በ1969 መጀመሪያ በሜምፊስ ከተማ አሜሪካን ሳውንድ በተባለው ስቱዲዮ ገብቶ ከዘመኑ ሁሉ ጠንካራ ከሚባሉት ሥራዎቹ አንዱን ቀረጸ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ መጨረሻም በላስ ቬጋስ ኢንተርናሽናል ሆቴል ወደ መድረክ ተመለሰ።

በዝግጅቱ ተቀርጸው አልበሙ ውስጥ ያልገቡ ዘፈኖች አሉ?

ብዙ ናቸው። ከሁሉ የሚቆጨው በወንበሩ ጨዋታ ላይ የተጫወተው «ታይገር ማን» ነው። ይህ ዘፈን በቅድሚያ የወጣው በሲንጀር መደብሮች ውስጥ ብቻ በተሸጠ ሌላ ሸክላ ላይ ነው፤ የስፌት መኪና ሊገዛ የገባ ደንበኛ የኤልቪስን ሸክላ ይዞ ይወጣ ነበር ማለት ነው። ዝግጅቱ በኦገስት 1969 በድጋሚ ሲተላለፍ፣ ወቅቱ ገና ባለመሆኑ «ብሉ ክሪስማስ» ወጥቶ «ታይገር ማን» ተተካ። በአልበሙ ላይ ግን ምንም ለውጥ አልተደረገም። የወንበሩ ጨዋታ ሁለቱም ቀረጻዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ አልበም ሊወጣቸው የሚችሉ ሆነው ሳለ፣ አድማጩ ሙሉውን ለመስማት ብዙ ዓመታት መጠበቁ ያሳዝናል።

ዓለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» መባሉ ከዚህ ዝግጅት ጋር ይያያዛል?

ከዚህ ዝግጅት ጋር አይያያዝም። ዓለማየሁ የኤልቪስን ፊልሞችና ሸክላዎች እያየና እየሰማ ያደገ፣ በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ የሠራ፣ የፀጉር አበጣጠሩንና የመድረክ አቋሙንም ከዚያ የቀዳ ድምፃዊ ነው፤ ቅጽሉም የመጣው ከዚህ ነው። እንዲያውም በጊዜው ንጽጽር ማድረግ ደስ ይላል፤ ኤልቪስ በ1968 ወደ ቆዩ ዘፈኖቹ ሲመለስ ዓለማየሁ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በአምሃ እሸቴ ኩባንያ የራሱን ሸክላዎች ወደሚያወጣበት ዘመን እየተቃረበ ነበር። በ2021 ያረፈው ዓለማየሁ ድምፁ ከጄምስ ብራውን ጩኸትም ብዙ የወሰደ በመሆኑ፣ በኤልቪስ ስም ብቻ መጥራቱ ያሳንሰዋል ብዬ አምናለሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዳምጥ ሰው የትኛውን ቅጂ ይምረጥ?

በመጀመሪያ የ1968ቱን አልበም ከነቅደም ተከተሉ ማዳመጥ ይበጃል፤ ሰዎች በዚያ ዘመን የሰሙት እሱን ነውና፣ መግቢያውና መዝጊያውም ታስበው የተቀመጡ ናቸው። ቀጥሎ ምስሉን ማየት ያስፈልጋል፤ በተለይ የጊታር ማን ቅንብርና የመዝሙሮቹ ክፍል ያለ ምስል ሙሉ አይሆኑም። የወንበሩ ጨዋታ የማረከው ሰው ደግሞ በ2008 በአራት ሲዲ የወጣውን ወይም በ2018 ለሃምሳኛ ዓመት መታሰቢያ የወጣውን ስብስብ ቢፈልግ ሁለቱንም የጁን 27 ቀረጻዎች ሳይቆራረጡ ያገኛቸዋል። በእነዚህ ውስጥ ያንኑ ዘፈን በሁለቱ የዚያ ምሽት ቀረጻዎች ላይ እያነጻጸሩ መስማት ይቻላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓትና ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከተደረጉት ቀረጻዎች በኋለኛው ላይ ኤልቪስ ፍርሃቱን ጥሎ ታዳሚውን በእጁ ካስገባ በኋላ ስለሚዘፍን፣ ጊዜ የሌለው አድማጭ ከእሱ ቢጀምር ይሻላል።